ሳይደርቅ የታጠፈ ሸራ

ሐምሌ 4

ዝናብ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ... ከሰዓት ሄዶ ቀረ። ያለ መብራት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ መቀመጥ ማለት ሰው በረንዳዬ ላይ ዝናብ ሲጠለል ማየት ነው። የቡታጅራ መናኸሪያ ግማሹ ዛሬ እኔ በር ላይ ቆሞ ዋለ። ስለ ኮፒ የጠየቀኝ የለም። አንዱ ብቻ "እህት፣ ጃንጥላ ትሸጫለሽ?" አለኝ። በጊዜ ዘግቼ ገባሁ።

አባዬ ዛሬ ደህና ነው። ሳሉ ቀለል ብሎታል። ሾርባውን ግማሽ ጠጣ። "አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጊልኝ" አለኝ፣ አስጠጋሁለት። ከዚያ ሆኖ ግቢውን ያያል፣ አጥሩን ያያል፣ ከአጥሩ ማዶ የጋሽ ዑመይርን ጣሪያ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሸራ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ እጁ እንደ ጉጠት የነበረ... አሁን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ መሳብ ያቅተዋል። ሳየው ሆዴ ይባባል፣ ከዚያ ደግሞ እቆጣዋለሁ። ለምን እንደምቆጣው አላውቅም።

ሲና ከወልቂጤ ደወለች። ዩኒቨርሲቲው ፈተና ላይ ነው። "እማ፣ አያቴን ሳሚልኝ።" ሳምኩላት። "ይሄ የማን ነው?" አለ። "የልጄ።" "የራስሽስ?" ሳቅን።

ሐምሌ 9

የጎረቤታችን የሃኒ እናት አረፉ። ነፍስ ይማር። ደግ ሴት ነበሩ።

አባዬ ከታመመ ወዲህ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ዕቃ ቤቱ እኛው ግቢ ጥግ ላይ ነው፣ "አደይ ትያዘው" ብሎ የመረጠኝ የለም፣ እንዲሁ በእጄ ቀረ። ጎረምሶቹ መጥተው ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ወሰዱ። ድንኳኑ ሲወጣ አባዬ በመስኮት አየው። አየው ከምል... ሸኘው።

እሱ ነው የሰፋው። እድሩ ሲቋቋም፣ እኔ ሳልወለድ። ወፍራም የጥጥ ሸራ፣ አረንጓዴ፣ ከመርካቶ በጣቃ የመጣ። ጋሽ ዑመይርና እሱ ሆነው፣ ክሩን ሰም እየቀቡ፣ በእጅ። ማሽን አይበሳውም ነበር ይላል። የዚህ ሰፈር ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ለቅሶ የተቀመጠው ከእሱ ሥር ነው። እናቴንም እዚያው ሥር ነው ያለቀስናት።

ልጅ ሆኜ አንድ ለቅሶ ላይ፣ ዶፍ ሲወርድ፣ ሸራውን ከውስጥ በጣቴ ገፋ አደረግኩት። የነካሁት ቦታ ማንጠባጠብ ጀመረ። አንዲት አልቃሽ አንገት ላይ! አባዬ በሕይወቱ የቆነጠጠኝ ያን ቀን ብቻ ነው። "ሲዘንብ አይነካም! ጥጥ ነው፣ ይቀየማል።"

ሐምሌ 12

ለቅሶው አበቃ። ሦስቱንም ቀን ዘነበ። ጎረምሶቹ ድንኳኑን እርጥቡን ጠቅልለው በጋሪ አመጡት። ዕቃ ቤት ሲጥሉት እኔ አባዬ አጠገብ ነበርኩ፣ ድው ሲል ሁለታችንም ሰማነው።

"ረጥቧል" አለ።

"ትንሽ።"

"ትንሽ የረጠበ እንዲህ አይወድቅም።"

ከዚያ ትምህርቱን ጀመረ። ላስቲክ አይደለም ልጄ፣ ጥጥ ነው። ጥጥ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ በክሩና በክሩ መካከል ያለው ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፣ ዝናብ የማያስገባው ለዚህ ነው። ግን የጠጣውን ካላስወጣሽለት ሆዱ ውስጥ ይዞ ይበሰብሳል። ሳሙና አይወድም። ብሩሽ ይወዳል፣ ነፋስ ይወዳል። እርጥቡን መጠቅለል ግን... በቃ፣ መግደል ነው።

"እሺ አባዬ፣ ነገ።"

"ትከይው። ተተክሎ ነው የሚደርቅ። ቆሞ።"

የታመመ ሰው ባለበት ግቢ ድንኳን ይተከላል? ሰው ምን ይላል? እኔስ ራሴ እንዴት ብዬ አየዋለሁ?

ሐምሌ 15

አግዳሚዎቹን ዕቃ ቤት ውስጥ ደርድሬ ጫፍ ጫፉን ዘረጋሁት። መካከሉ እንደተጠቀለለ ነው። ለብቻዬ አልቻልኩትም፣ እንደ በሬ ይከብዳል። መስኮት የለ፣ ነፋስ የለ። ከጣሪያው ደግሞ በአንድ በኩል ይንጠባጠባል። ማድረቅ ነው ይሄ?

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ለመንኩት። ክረምት ነው፣ ሜዳው ባዶ ነው፣ አንድ ቀን ብቻ አልኩት። "እኛ ጋ ማን ሞተ?" ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ጋ ሄድኩ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፣ እሳቸው መላ ያጣሉ? በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

"ምን ያስጨንቅሻል አደይ? ሌላ ለቅሶ ሲመጣ ተተክሎ ይደርቃል። ሁልጊዜም እንዲያ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ሁለት ሰው ይሄዳል። ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ነው የኖረው ይሄ ድንኳን።

ሐምሌ 24

ማንም አልሞተም። አልሐምዱሊላህ ይላሉ እትዬ ከድጄ፣ የጋሽ ዑመይር ባለቤት። "ክረምቱ ዘንድሮ ማረን።" አሜን አልኩ።

ዕቃ ቤቱን ስከፍት ሽታ ተቀበለኝ። የረጠበ ጆንያ ሽታ። እጄን ጥቅሉ ውስጥ ከተትኩ፣ ሞቅ ብሏል። ዘጋሁት።

እንግዲህ ይሄን ለራሴ ብቻ ነው የምጽፈው። ዛሬ ሱቅ ቁጭ ብዬ የሰፈሩን በሽተኞች በሐሳቤ ስዘረዝር ራሴን ያዝኩት። እገሌ ስኳሩ ተነስቶበታል። እገሊት ከወደቀች ወዲህ አልተነሳችም... ከሰዓት ብርቱካን ይዤ የወደቁትን አሮጊት ጠየቅኳቸው። ተሽሏቸዋል፣ በከዘራ ወጥተው ተቀበሉኝ። ደስ አለኝ። ደስታው ግን ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

አንቺ አደይ፣ ምን ሆነሻል?

ነሐሴ 3

ፀሐይ! ከጠዋት ጀምሮ፣ እንደ ጥር። አባዬ በመስኮቱ አየና "ዛሬ" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ልቤን ሞላሁ። በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ጎረምሶች ጠርቼ ጥቅሉን ግቢ አወጣነው። ምሰሶውን አቆሙልኝ፣ አንዱን ጎን ወጥረን ሌላውን ስንጀምር... ባሂራ። ጎረቤታችን ባሂራ ከገበያ ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። የያዘችውን ጎመን ጣለች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ፣ "ዋይ አባባ አስረስ! ዋይ! ሳልሰናበትዎት!"

"ባሂራ! ባሂራ፣ አልሞተም!" ማን ይሰማኛል? ከላይ ሰፈር አንዷ ተቀበለች። ከታች ሌላዋ። ሻይ ሳይፈላ ግቢው ሞላ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣች አለች፣ ደረቷን እየመታች የገባች አለች። እኔ መሃል ቆሜ "ለማድረቅ ነው... ለማድረቅ እኮ ነው..." እላለሁ። አባዬ ውስጥ ሆኖ የራሱን ለቅሶ ሰማ። መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ሊገድለው ደረሰ።

ያዘኑት ተቆጡ። "የአባትሽን ሞት ምነው አቻኮልሽው?" አለች አንዷ፣ ስሟን አልጽፍም። ሌላዋ አማተበች። በዚያው ሰዓት አፍርሼ ጠቀለልኩት። እንደረጠበ።

ስገባ አባዬ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር፣ ከሳቁ ይሁን ከሳሉ።

"ምነው ሰበሰብሽው?"

"አልሰማህም እንዴ ሰው ሲጮህ?"

"ይጩህ። ጮሆ ይሄዳል። ቆሞ ልየው ብዬ ነበር እኮ... እኔ የሰፋሁትን ሁልጊዜ የማየው ሌላ ሰው ሞቶብኝ፣ እያለቀስኩ ነው። እስቲ አንድ ቀን ማንም ሳይሞት ልየው።"

"ሲሻልህ አባዬ። ሲሻልህ እንተክለዋለን።"

አየኝ። ሲሻልህ ያልኩት ለማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ነሐሴ 4

ሱቅ ስሄድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። ለሲና በስልክ ነገርኳት። በሳቅ ሞተች። "እማ፣ በናትሽ ምን አገባሽ? ሰው እንደሆነ ያወራል። ነገም ትከይው!" አለች። በሃያ ዓመት እንዲህ ማለት ይቀላል። በዚህ ሰፈር የምኖረው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 12

ፍልሰታ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባዬ ነቅቷል።

"ሸራው እንዴት ሆነ?"

"ደርቋል" አልኩት። "ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተክለን አደረቅነው። ትላንት።"

ከየት መጣልኝ? አስቤው አልነበረም። ፆም ይዤ፣ ከቅዳሴ መጥቼ!

"ወጠራችሁት? ጥሩ አድርጋችሁ?"

"ጥሩ አድርገን።"

"ስፌቱስ?"

"እንዳለ ነው አባዬ።"

ትራሱ ላይ ተመቻቸ። ፊቱ ፈታ አለ። እንግዲህ ደስ ካለው ምን አለበት አልኩ... ምን አለበት?

ነሐሴ 20

ጥቁር ነጠብጣብ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ ዛሬ ስገልጠው መካከሉም። በጨርቅ አሸሁት፣ አልለቅ አለ። ከሱቅ በረኪና ገዝቼ መጣሁ። በባልዲ በጥብጬ በመጥረጊያ ፈተግኩት። ነጠብጣቡ ነጣ። ጎበዝ አደይ፣ አልኩ ለራሴ። እንደገና ረጠበ እንጂ!

ማታ ለአባዬ ውሃ ሳቀብለው እጄን ይዞ አሸተተው።

"ነጭ ልብስ አጠብሽ?"

"አዎ፣ አንሶላ።"

እጄን ቶሎ አልለቀቀም። በረኪና ጥጥን እንደሚበላው እሱ ሳይሆን ማን ያውቃል? ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን እየሮጡ ይታጠባሉ። አባዬ "እኔንም አውጪኝ፣ ይቅጠቅጠኝ" አለ። ቀልዱን ነው። በጣቴ ከጣሪያው የሚወርደውን ይዤ ግንባሩን ቀባሁለት።

መብላት ትቷል። ድምፁ ሩቅ ነው።

"ለመስቀል ዮሲ ይመጣል?" ወንድሜን ነው፣ መርካቶ የሚነግደውን።

"ይመጣል። ሁሉም ይመጣል።"

"ያኔ ትከሉት እንግዲህ። ሰው ሲሰበሰብ። ለመስቀል ድንኳን ቢተከል ማንም አይጮህም።"

እንዴት እኔ አላሰብኩትም? እውነት እኮ ነው! ለመስቀል ጉራጌ ሁሉ አገሩ ይገባል፣ ድግስ ነው፣ ጥላ ያስፈልጋል። እሺ አባዬ፣ አልኩት። በእውነት ነው ያልኩት። የመጀመሪያው እውነተኛ እሺዬ።

መስከረም 5

አባዬ አረፈ። ጠዋት፣ ተኝቶ ሳለ።

መስከረም 10

ሰው ሄዷል። ቤቱ ባዶ ነው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ያን ጠዋት ገና ፊቱን ሳልጠግብ ጎረምሶቹ በሩ ላይ ቆሙ። "እትዬ አደይ፣ ቁልፉን።" ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የዕቃ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። አንደኛው "ኧረ! ምን ሞቶ ነው እዚህ?" ሲል ሰማሁ።

ሌላ ለቅሶ ሲመጣ ይደርቃል ተብዬ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። መጣ። የጠበቅኩት ለቅሶ መጣ።

ተተከለ። ከሩቅ ሲያዩት ድንኳን ነው። ከሥሩ የተቀመጠ ግን አፍንጫውን በነጠላ ይይዛል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ፣ የመስከረም ጥጋበኛ ዝናብ። ውሃው ጣሪያው ላይ ተጠራቀመ። እናም በመካከሉ፣ ከዋናው ስፌት ጎን ጎን፣ ተተረተረ። ውሃው በአንድ ጊዜ ወረደ። አረጋውያኑ ላይ፣ ሴቶቹ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ዘመዶቻችን ላይ። ሰው ተነስቶ ወደ ቤት ተጋፋ። ዮሲ በእፍረት አንገቱን ደፋ።

አንድ ሰው፣ "የአስረስ ስፌት ለቀቀ" አለ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ኮታቸውን እያራገፉ፣ "ምን ታደርገዋለህ፣ ክሩም አረጀ፣ እሱም አረጀ። በራሱ ለቅሶ ላይ መልቀቁ ግን..." አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚያው ነበርኩ። አጠገባቸው። ስፌቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። በስፌቱ ቡኢ ድረስ፣ አገና ድረስ የተጠራ ሰው ነው። የጭነት ሾፌር "የአስረስ ሸራ ነው" ካለ ዝናብ አይፈራም ነበር። በገዛ ለቅሶው ስሙ ሲነሳ አፌን ያዘኝ። ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ በሕይወት እያለ ድንኳኑን ነፈግኩት፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ከሞተ በኋላ ስሙን ነፈግኩት።

መስከረም 18

መስቀል አለፈ። እኛ ሐዘን ላይ ነን፣ አላከበርንም። እትዬ ከድጄ ለእኛ ብለው በክርስቲያን እጅ ያሠሩትን ክትፎ ላኩ። አንድ ጉርሻ ዋጥኩ፣ ቀሪውን ከደንኩት።

ሰው ሲሰበሰብ ትከሉት ያለኝ ቀን ትላንት ነበር። ሜዳው ሁሉ ሰው ነበር። ፀሐይም ነበር።

ዮሲ ለእድሩ አዲስ ላስቲክ ድንኳን እልካለሁ አለ። "አባዬን የሚያስጠራ ይሁን" አለ። እድርተኛው አጨበጨበ። አሮጌው ይቀደድና ለጭነት መሸፈኛ ይሁን ተባለ። "አደይ ትውሰደው" አሉ።

ጥቅምት 6

ላስቲኩ መጣ። ነጭ ነው፣ ሰማያዊ ጠርዝ አለው። እንደ አንሶላ ይቀላል። ሲረጥብ በጨርቅ ጠረግ፣ ታጥፎ ይገባል። እንዲህ ቀላል ነው። ውስጡ ግን እንደ ድስት ያፍናል፣ የሞከሩት ጎረምሶች ላብ በላብ ሆነው ወጡ።

አሮጌውን ለመቅደድ መቀስ ይዤ ተቀመጥኩ። በስፌቱ ልጀምር ብዬ ክሩን ሳብኩት። አልተነሳም። በመቀስ ጫፍ ቆረጥኩት፣ ቀጣዩ ጥልፍ እንደያዘ ነው። ሰሙ አሁንም አለበት። ደግሜ አየሁ። የተቀደደው ከስፌቱ አጠገብ ያለው ጨርቅ ነው፣ በጣቴ ስነካው እንደ ወረቀት ይበሳል፣ በረኪናው የነካው ሁሉ። ስፌቱ ግን ከነክሩ ለብቻው ቆሞ ቀርቷል፣ ሁለት የተቀደደ ጠርዝ ይዞ።

አልለቀቀም። አንድም ቦታ አልለቀቀም።

መቀሱን አስቀምጬ አለቀስኩ። በለቅሶው ላይ ያላለቀስኩትን።

ጥቅምት 14

አርባው። ሰው ከሄደ በኋላ ጋሽ ዑመይር ቆዩ። አብሮ አደጉን ያጣ ሰው ለመሄድ አይቸኩልም። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን ነገር ይፈልጋል። የተቀደደውን ሸራ አምጪ አሉኝ። ዳበሱት። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ተከትለው ሄዱ... ወደ ጨርቁ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ እርጥቡን የታጠፈ ነው።"

"አዎ ጋሽዬ።"

"በረኪናም አለው።"

"አዎ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዘበኛውን፣ ባሂራን፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አደረቅነው ያልኩትን ውሸት፣ ሰው እንዲሞት መጠበቄን እንኳ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"የእኔ ግቢ ሰፊ ነው። አጥር ነው የለየን። ለምን ለእኔ አልነገርሽም?"

"የሞት ድንኳን ደጅዎ ላይ ይተከል ይባላል እንዴ ጋሽዬ? እርስዎም ትልቅ ሰው ነዎት..."

"ልጄ፣ የተሰፋው የት ይመስልሻል?"

አላውቅም ነበር። እኛ ግቢ ይመስለኝ ነበር።

"የእኔ ግቢ ነው የተሰፋው። ወር ሙሉ ተዘርግቶ ከረመ። እየተተከለ፣ እየፈረሰ፣ እየተለካ። ዝናብ ሲመጣ አባትሽና እኔ ሥሩ ገብተን እናድር ነበር፣ ያስገባል ወይ ብለን። አሚኑን ከድጄ የወለደችልኝ ያን ሰሞን ነው። በዚያ ወር ወደ ዓለም የገባ ሰው ነው ያለው እንጂ የወጣ የለም።"

አሚኑ የበኩር ልጃቸው ነው። አሁን ራሱ የልጅ አባት ነው።

"አስረስ ቢልክብኝ ኖሮ..." አሉና ተዉት። "እሱም ይሉኝታ ነበረው። ከእሱ ነው የወሰድሽው።"

ቀለል እንዲለኝ ብለው ነው። አልቀለለኝም። አንድ ቃል፣ በአጥሩ ላይ ብጮህ ይሰሙኝ ነበር።

ጥቅምት 20

በየማታው ጋሽ ዑመይር ጋ እሄዳለሁ። የበሰበሰውን ቆርጠን እየጣልን ነው። የተረፈው ግማሽ ያህል ነው። እሳቸው እየዳበሱ ይነግሩኛል፣ እኔ እሰፋለሁ። መርፌው ጣቴን በስቶኛል። "ክሩን ሰም ቀቢ እንጂ! የማን ልጅ ነሽ?" ይሉኛል። ስፌቴ ጠማማ ነው። የአባዬ አጠገብ ሲቀመጥ ያሳፍራል። ይሁን።

ጥቅምት 27

ሱቅ አልከፈትኩም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አሚኑና እኔ ጋሽ ዑመይር ግቢ ውስጥ ተከልነው። ከበፊቱ ያንሳል፣ ግን ቆመ። ወጠርነው። አረንጓዴው የነጣበት አለ፣ የተጣፈበት አለ። ብሩሽ መታሁት፣ አቧራው በፀሐይ ውስጥ ተነሳ።

የመጀመሪያዋ ማን ሆነች? ባሂራ ነዋ። "ዋይ ጋሽ ዑመይር! ዋ..." በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ጋሽ ዑመይር ናቸው። "ምነው ባሂራ፣ ማን ሞተ?" በድንጋጤ ቁጭ አለች። ከኋላዋ ግን ሰው መጣ፣ እንደዚያን ቀን። ነጠላ የተዘቀዘቀ፣ ፊት የተቋጠረ። ጋሽ ወልደአማኑኤልም ጥቁር ኮታቸውን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቀው ደረሱ።

አግዳሚው ላይ ወጣሁ።

"ማንም አልሞተም። ሸራ እያደረቅን ነው። ሌላም ነገር አለ። በአባቴ ለቅሶ ላይ ስፌቱ ለቀቀ ተብሏል። አልለቀቀም። እኔ ነኝ እርጥቡን አስቀምጬ ያበሰበስኩት። እናንተ ምን ትላላችሁ ብዬ። ስፌቱ ይኸው፣ መጥታችሁ ሳቡት።"

ማንም አልመጣም። ከዚያ ጋሽ ወልደአማኑኤል መጡ። ስፌቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳቡት። ደግመው ሳቡት። "እኔም እንደዚያ ማለቴ..." አሉ፣ አልጨረሱትም። ሌላ ለቅሶ ሲመጣ ይደርቃል ያሉኝንም ያስታወሱ ይመስለኛል፣ ዓይኔን አላዩኝም። ሄደው ጥላው ሥር ተቀመጡ። አንዳንዱ እያጉረመረመ ተመለሰ። አንዳንዱ ከመጣሁ አይቀር ብሎ ተቀመጠ። ባሂራ ከገበያ ያመጣችውን ጎመን እዚያው ትቀነጥስ ጀመር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ያ ነው የእኔ ነገር። ስሙን መለስኩለት፣ አልሰማም።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ዑመይር ፍራሽ አስነጥፈው ድንኳኑ ሥር ጋደም አሉ። እንቅልፍ ወሰዳቸው። ነፋሱ ሸራውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ብርሃኑ በጥጡ አልፎ አረንጓዴ ሆኖ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ድምፁን ቀነሰ። እትዬ ከድጄ ሁለት ጊዜ መጥተው ትንፋሽ አለ ወይ ብለው አፍንጫቸው አጠገብ እጃቸውን ያዙ። በሁለተኛው ጋሽ ዑመይር ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "አለሁ ከድጄ፣ ጥላው ጥሩ ሆኖ ነው" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሊሆንብኝ ሲል ዕቃ ላጥብ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

አባዬን ደግፌ ማውጣት እችል ነበር። ፍራሽ አነጥፍለት ነበር። ሰው ይጮህ ነበር፣ ይመጣ ነበር፣ አለመሞቱን አይቶ ተቆጥቶ ይመለስ ነበር... እሱ ግን የሰፋውን እያየ ሥሩ ተኝቶ ይውል ነበር። ከአልጋው እስከ ግቢው ስንት መንገድ ነው?